ሌቪታውን፣ ፔንሲልቬንያ፦ በአንድ ኩባንያ ተሠርታ በአራት አስተዳደሮች የተከፈለች ሰፈር

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ የመኖሪያ ቤት እጥረት ክፉኛ ከጎዳቸው መካከል ከግንባር የተመለሱ ወጣት ወታደሮች ይገኙበታል። ብዙዎቹ አግብተውና ልጅ ወልደው ሳለ ከወላጆቻቸው ጋር ተጨናንቀው ይኖሩ ነበር። የፌዴራል መንግሥቱ ለእነዚህ ቤተሰቦች በዋናነት የሰጠው መልስ ራሱ ቤት ሠርቶ ማደል ሳይሆን ባንኮች ለሚሰጡት የቤት ብድር ዋስ መሆን ነበር። በዚህ ምርጫ ምክንያት ሰፈሩ የት እንደሚቆም፣ ምን እንደሚመስልና ማን እንደሚኖርበት የመወሰኑ ሥልጣን በተግባር በግል ሥራ ተቋራጮች እጅ ወደቀ። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው እንዲህ ከተሠሩት ሰፈሮች አንዷን፣ በፔንሲልቬንያ ክፍለ ግዛት በባክስ ካውንቲ የምትገኘውን ሌቪታውንን ነው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሠሪው ሌቪት ኤንድ ሰንስ የተባለው የቤተሰብ ኩባንያ ነው። አባትዬው አብርሃም ሌቪት ለአትክልቱና ለዛፉ ልዩ ትኩረት ይሰጡ ነበር፤ ልጃቸው አልፍሬድ ንድፉን ይሠሩ፣ ሌላው ልጃቸው ዊልያም ደግሞ ኩባንያውን ይመሩ ነበር። ቤተሰቡ በጦርነቱ ጊዜ ቨርጂኒያ ውስጥ በኖርፎክ ለባሕር ኃይል ሠራተኞች ቤት ሲሠራ በአጭር ጊዜ ብዙ ቤት የማውጣትን ዘዴ ተማረ። ከ1947 እስከ 1951 በኒው ዮርክ ሎንግ አይላንድ ላይ 17,447 ቤቶች ያሏትን የመጀመሪያዋን ሌቪታውን ገነባ። ግንባታው ከሃያ በላይ በሆኑ ደረጃዎች የተከፋፈለ ነበር። ቤቶቹ ባሉበት ቆመው የሠራተኛው ቡድን ከቤት ቤት እየተዘዋወረ አንዱ መሠረት ያፈሳል፣ ሌላው ግድግዳ ያቆማል፣ ሌላው ቀለም ይቀባል።

ሁለተኛዋን ሌቪታውን የወለደው የብረት ፋብሪካ ነው። ዩናይትድ ስቴትስ ስቲል በ1951 በደላዌር ወንዝ ዳር የፌርለስ ፋብሪካውን መገንባት ሲጀምር በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ወደ አካባቢው እንደሚመጡ ግልጽ ሆነ። ሌቪቶችም ስፒናችና ብሮኮሊ ይመረትበት የነበረውን ወደ 2,300 ሄክታር የሚጠጋ የእርሻ መሬት ከገበሬዎች ገዙ። የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች በ1952 የገቡ ሲሆን ግንባታው በ1958 ሲጠናቀቅ የቤቶቹ ቁጥር 17,311 ደርሶ ነበር። በብዛት ከተሸጡት አንዱ የሆነው ሌቪታውነር የተባለው ባለ ሦስት መኝታ ቤት መጀመሪያ ላይ ዋጋው 9,990 ዶላር ነበር፤ የቀድሞ ወታደር የሆነ ገዢም በመንግሥት ዋስትና ያለ ቅድሚያ ክፍያ ሊገባበት ይችል ነበር። ወለሉ አፈር ላይ በቀጥታ የተፈሰሰ ኮንክሪት ነው። በኮንክሪቱ ውስጥ በተቀበሩ የመዳብ ቧንቧዎች የሚዘዋወረው ሙቅ ውኃ ቤቱን ያሞቃል፣ ከወለሉ በታች ግን ምድር ቤት የለውም። ከጠባብ የከተማ አፓርታማ ለመጣ የብረት ሠራተኛ ይህ ከማንኛውም ቃል ኪዳን የበለጠ የሚጨበጥ ነገር ነበር፤ ስለ ሌቪታውን ጉድለት የሚጻፍ ማንኛውም ጽሑፍም ይህን በቅድሚያ መመስከር ይገባዋል።

ዕቅዱ ከኒው ዮርኩ የተሻለ ነበር። ሰፈሯ ወደ 40 በሚጠጉ መንደሮች ተከፋፈለች። በእያንዳንዱ መንደር ውስጥ ያሉ መንገዶች ስማቸው የሚጀምረው መንደሩ በሚጀምርበት የእንግሊዝኛ ፊደል በመሆኑ፣ ለምሳሌ ዲፕግሪን የሚባል መንገድ ዶግዉድ ሆሎው በሚባለው መንደር ውስጥ እንደሚገኝ መገመት ይቻላል። ጥቂት መንደሮች ተሰባስበው አንድ ትልቅ ክፍል ይሠራሉ፤ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱም ቦታ የተተወው በዚያ ክፍል መካከል፣ ሕፃናት ትልቅ መንገድ ሳያቋርጡ በእግራቸው እንዲደርሱ ታስቦ ነው። አምስት ትልልቅ የመዋኛ ገንዳዎችም ተሠሩ። በ1953 ደግሞ ሾፕ ኤ ራማ የተባለው ሰፊ የገበያ ማዕከል ተከፈተ።

ኩባንያው ሽያጩን እስኪጨርስ ድረስ የሰፈሯ ሕግ አውጪም ተቆጣጣሪም ራሱ ነበር። ከባለቤትነት ሰነዱ ጋር ተያይዘው ለገዢው በሚሰጡት ደንቦች መሠረት አጥር ማጠር የተከለከለ ነበር፤ የታጠበ ልብስ እሑድና በበዓላት ቀን ውጭ አይሰጣም፤ ሣሩም በወቅቱ መታጨድ ነበረበት። በኒው ዮርኩ ሌቪታውን ሣሩን ችላ ያለ ሰው የኩባንያው አትክልተኞች ሳይጠሩ መጥተው ካጨዱለት በኋላ ሂሳቡ በፖስታ ይመጣለት ነበር። ዛሬ በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ ቤት የገዙ ወገኖቻችን ይህን ዓይነት ደንብ ከቤት ባለቤቶች ማኅበር ያውቁታል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው፤ ዛሬ ደንቡን የሚያስከብረው ባለቤቶቹ ራሳቸው የሚመርጡት፣ ከእያንዳንዱ ቤት መዋጮ የመሰብሰብ ሕጋዊ መብት ያለው ማኅበር ነው። ሌቪት ግን ደንቡን ጽፎ ሲያበቃ ለእንዲህ ያለ ማኅበር አላስረከበውም። ኩባንያው ቦታውን ለቆ ሲሄድ ደንቡ በወረቀት ላይ ቀረ፤ አጥሩም ቀስ በቀስ በየጓሮው ቆመ።

የጉዳዩ ዋና አካል ያለው በአስተዳደር ወሰኖቹ ላይ ነው። የተገዛው የእርሻ መሬት ባለቤት አልባ ሜዳ ሳይሆን በብሪስቶል፣ በፎልስና በሚድልታውን ታውንሺፖች እንዲሁም በተሊታውን ቦሮ መካከል የተከፋፈለ ነበር። ታውንሺፕና ቦሮ በፔንሲልቬንያ ሕግ የየራሳቸው የተመረጠ ምክር ቤት፣ በጀት፣ የግንባታ ደንብና ፖሊስ ሊኖራቸው የሚችሉ የመጨረሻዎቹ የመንግሥት እርከኖች ናቸው። ሌቪት ሰፈሯን ሲነድፉ ወሰኖቹን ከቁብ ስላልቆጠሯቸው ሌቪታውን አራቱንም ተረማምዳ ተዘረጋች። ስለዚህም በፖስታ አድራሻና በሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ስሟ ቢጠራም፣ በ2020 ቆጠራ ከ52 ሺህ በላይ ነዋሪ የተመዘገበባት ይህች ሰፈር በሕግ ፊት ራሷን የቻለች ከተማ አይደለችም። ራሷን የቻለች አንድ ከተማ እንድትሆን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሐሳብ ቢቀርብም አልተሳካም። አንድ ከተማ መሆን ተጨማሪ ግብር ያስከትላል የሚለው ሥጋት በወር ክፍያ ተወጥሮ ለሚኖር ባለ ዕዳ ቀላል አልነበረም፤ አራቱ ነባር አስተዳደሮችም ግብር ከፋያቸውን በፈቃዳቸው አሳልፈው የሚሰጡበት ምክንያት አልነበራቸውም።

ሸክሙ በነባሮቹ ላይ የወደቀው በድንገት ነው። በ1950 ፎልስ ታውንሺፕ ሦስት ሺህ ተኩል ገደማ ነዋሪ ነበራት፤ በ1960 ግን ከ29 ሺህ አለፈች። ብሪስቶል ታውንሺፕ በዚያው ዐሥር ዓመት ከ12 ሺህ ገደማ ወደ 59 ሺህ ገደማ አደገች። የገበሬዎችን መንገድና አልፎ አልፎ የሚነሳ የድንበር ክርክር ሲመለከቱ የኖሩ የምክር ቤት አባላት በጥቂት ዓመታት ውስጥ የፍሳሽ መስመር፣ የእሳት አደጋ መከላከያ፣ የፖሊስ ኃይልና በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ጉዳይ ጠረጴዛቸው ላይ መጣ። ትምህርት ቤት በፔንሲልቬንያ በዋናነት የሚተዳደረው ከንብረት በሚሰበሰብ ግብር ነው፤ ሌቪታውን ደግሞ ያመጣችላቸው ልጆች የሞሉባቸው ርካሽ ቤቶችን እንጂ ብዙ ግብር የሚከፍል ፋብሪካ አልነበረም። ፌርለስ የሚገኘው በፎልስ ነው፤ ትልቁ የገበያ ማዕከል የቆመው በትንሿ ተሊታውን ነው። ከፋብሪካው ግብር የብሪስቶል ልጅ ምንም አልደረሰውም።

ተማሪዎቹም በወሰኑ ተለያዩ። የብሪስቶል ታውንሺፕ ልጆች በዚያው ታውንሺፕ የትምህርት ቀጠና፣ የፎልስና የተሊታውን ልጆች በፔንስበሪ፣ የሚድልታውን ልጆች ደግሞ በነሻሚኒ ይማራሉ። አንድ ዓይነት ቤት በአንድ ዓይነት ዋጋ የገዙ ሁለት ጎረቤታሞች፣ ወሰኑ በመካከላቸው በማለፉ ብቻ፣ የተለያየ ግብር እየከፈሉ ልጆቻቸውን ወደተለያየ ትምህርት ቤት ይልካሉ። ለትምህርት ቤቱ በመንደሮቹ ክፍል መካከል ቦታ መተዉ መልካም ዕቅድ ነበር፤ በዚያ ቦታ ላይ የሚቆመውን ትምህርት ቤት ማን በምን ገንዘብ እንደሚያስተዳድረው ግን ንድፉ አልመለሰም።

ይህ የተበታተነ ሥልጣን ከሁሉ ይበልጥ የተፈተነው በ1957 ነው። ሌቪት ኤንድ ሰንስ ለጥቁር አሜሪካውያን ቤት አይሸጥም ነበር። ዊልያም ሌቪት አቋማቸውን ሲያስረዱ ኩባንያቸው የቤት ችግርን ወይም የዘር ችግርን ለመፍታት መሞከር ቢችልም ሁለቱን አዋህዶ መፍታት እንደማይችል ይናገሩ ነበር። ይህ መከራከሪያ ሊቆም የሚችል አይደለም፤ ቤቶቹ በመንግሥት የብድር ዋስትና የተሸጡ ናቸው፣ ጥቁሩ ወታደርም የተዋጋው በዚያው ጦርነት ነው። የጥቁሮችን መብት የሚያስከብረው ኤን.ኤ.ኤ.ሲ.ፒ. የተባለው ማኅበር በጉዳዩ ክስ ቢደግፍም፣ በፊላደልፊያ የሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት በ1955 ክሱን ውድቅ አደረገው። ዋስትና የሚሰጡት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መድልዎን የመከላከል ግዴታ በሕግ አልተጣለባቸውም የሚለው ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር።

ኩባንያው የዘጋውን በር የከፈተው ቤቱን በድጋሚ የሸጠ አንድ ነዋሪ ነው። አቶ ዊልያም ማየርስና ወይዘሮ ዴዚ ማየርስ ከሦስት ልጆቻቸው ጋር በዶግዉድ ሆሎው መንደር፣ በዲፕግሪን መንገድ ላይ ያለውን ቤት ከቀድሞው ባለቤት ገዝተው በኦገስት 13 ቀን 1957 ገቡ። አቶ ማየርስ የጦርነቱ ዘማች ነበሩ፤ ቤተሰቡም የሚኖረው እዚያው ብሪስቶል ታውንሺፕ ውስጥ ሆኖ ሦስተኛዋ ልጅ ስትወለድ ሰፋ ያለ ቤት ያስፈለገው ነበር። ያን ቀን ወይዘሮ ማየርስ ቤቱን ሲያጸዱ በር ላይ የመጣው ፖስተኛ የቤት ሠራተኛ መስለውት የቤቱን እመቤት ጠየቀ፤ ባለቤቷ እሳቸው መሆናቸውን ሲረዳም ወሬውን በየደጁ ነዛው። ሲመሽ በመቶዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ ፊት ተሰብስቦ ነበር። በዚያው ሌሊት የተወረወረ ድንጋይ የሳሎኑን ትልቅ መስኮት ሰበረው።

ሰልፈኛው ከመላው ሌቪታውን ቢመጣም ቤቱ ያለው በብሪስቶል ታውንሺፕ ነበርና ኃላፊነቱ የወደቀው በታውንሺፑ ፖሊስ ላይ ብቻ ነው። ያ ኃይል ሕዝቡን መበተን ሳይችል ቀረ። የካውንቲው ሸሪፍ የክፍለ ግዛቱን ፖሊስ እርዳታ ጠየቁ፤ የፔንሲልቬንያ ገዢ ጆርጅ ሌደርም ፖሊሶቻቸውን ላኩ። ከቀናት በኋላ አንድ የታውንሺፑ ሳጅን በድንጋይ ተመትቶ ራሱን ሲስት ስብሰባው በኃይል ተከለከለ። የክፍለ ግዛቱ ፖሊስ ከሄደ በኋላ ግን ጥቃቱ መልኩን ለወጠ። የሌቪታውን ማሻሻያ ኮሚቴ በሚል ስም የተደራጁ ተቃዋሚዎች ከማየርስ ቤት ጀርባ ባለ ባዶ ቤት ተሰባሰቡ፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ባርነትን ለማቆየት የተዋጋውን የደቡቡን ባንዲራ ሰቀሉ፤ ሙዚቃ እያስጮኹ ሌሊቱን እንቅልፍ ነሱዋቸው። መስቀል ተቃጠለ፤ የማየርስ ወዳጅ በነበረው ነጭ ጎረቤት ግድግዳ ላይም ኩ ክለክስ ክላን የተባለው የነጭ ዘረኞች ድርጅት ስም ተጻፈ።

ቤተሰቡን የደገፉም እንደነበሩ መዘንጋት አይገባም። ኩዌከር የተባሉት የክርስትና እምነት ተከታዮች፣ አይሁድ ጎረቤቶችና የአብያተ ክርስቲያናት አገልጋዮች እየተፈራረቁ ከእነሱ ጋር ይቀመጡ፣ ቤቱን ያጸዱ፣ ልጆቹን ይጠብቁ ነበር። ነገር ግን እነሱም እንደ ተቃዋሚዎቹ ያቋቋሙት ኮሚቴ ነው፤ በመላይቱ ሌቪታውን ስም ቆሞ ይህ ይበቃል ለማለት የተመረጠ ምክር ቤት ወይም ከንቲባ በቦታው አልነበረም። አንድ ከተማ ቢሆን ኖሮ ጥላቻው አይነሳም ነበር ማለቴ አይደለም፤ በጊዜው አንድ ከተማ የነበሩ ቦታዎችም ከዚህ የባሰ ፈጽመዋል። የምለው ተጠያቂው ማን እንደሆነ ይታወቅ ነበር ነው። መፍትሔው የመጣው በመጨረሻ ከላይ ነው። የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቶማስ ማክብራይድ በኦክቶበር 1957 በአዋኪዎቹ ላይ የፍርድ ቤት እግድ አስወጡ፤ እግዱም በኋላ ቋሚ ሆነ። ማየርሶች እስከ 1961 ድረስ በዚያ ቤት ኖረው በሥራ ምክንያት ለቀው ሄዱ። በ1999 የብሪስቶል ታውንሺፕ ከንቲባ ወይዘሮ ዴዚ ማየርስን በይፋ ይቅርታ ጠየቁ።

ሌቪት ራሳቸው ከዚህች ሰፈር ያገኙት ትምህርት የሚያሳዝን ነው። ለሦስተኛዋ ሌቪታውን ከወንዙ ማዶ በኒው ጀርዚ በዊሊንግቦሮ ታውንሺፕ መሬት ሲገዙ፣ ከብዙ አስተዳደሮች ጋር መነታረክን ለማስቀረት ግንባታውን በአንድ ታውንሺፕ ወሰን ውስጥ አደረጉት። ስለዚህ የአስተዳደሩን ችግር ተረድተውታል ማለት ነው። ለጥቁር አለመሸጥን ግን ቀጠሉበት፤ የኒው ጀርዚ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1960 የክፍለ ግዛቱ የፀረ መድልዎ ሕግ በኩባንያው ላይ ተፈጻሚ መሆኑን እስኪወስን ድረስም አልተዉትም። የዊሊንግቦሮ ነዋሪዎች ታውንሺፓቸው በራሳቸው እጅ ስለነበረች ሌቪታውን ብለው የሰየሟትን ስም በ1963 በድምፃቸው ወደ ቀድሞው መለሱት። በባክስ ካውንቲ እንዲህ ያለ ድምፅ የሚሰጥበት አንድ የምርጫ ወሰን የለም።

ከ1958 በኋላ የሰፈሯ ታሪክ በአብዛኛው የቤቶቹ ታሪክ ነው። ነዋሪዎች ጣሪያ አንስተው ሁለተኛ ፎቅ ጨመሩ፤ የመኪና ማቆሚያውን ወደ መኝታ ቤት ቀየሩ። አንድ ዓይነት የነበሩት ቤቶች ዛሬ ተለይተው ይታወቃሉ፤ ለእያንዳንዱ ለውጥ ፈቃድ የሚጠየቀው ደግሞ ቤቱ ካለበት ታውንሺፕ ነው። በጁን 1979 በነዳጅ እጥረቱ ወቅት ፋይቭ ፖይንትስ በሚባለው መስቀለኛ መንገድ ላይ ለሁለት ሌሊት ብጥብጥ ተነሥቶ የሌቪታውን ስም በመላው አገሪቱ ተሰማ። ፌርለስ ብረት ማቅለጡን በ1991 አቆመ፤ ሾፕ ኤ ራማም ፈርሶ በቦታው ትልልቅ የችርቻሮ መደብሮች ቆሙ። ተሊታውን በበኩሏ በክልሏ ከነበረ ትልቅ የቆሻሻ ማከማቻ ታገኝ ከነበረው ክፍያ ለነዋሪዎቿ በየዓመቱ ቼክ ታድል ነበር፤ የወሰኑ ማዶ ሌቪታውናዊ ሽታው ቢደርሰውም ቼኩ አይደርሰውም ነበር።

ሌቪት ለቀው ሲሄዱ የተዉዋቸውን የጋራ ንብረቶች ዕጣ ጎን ለጎን ማየት ለዚህ ጥናት ከሁሉ የበለጠ ይጠቅማል። አምስቱ የመዋኛ ገንዳዎች የተላለፉት የሌቪታውን የሕዝብ መዝናኛ ማኅበር ለተባለ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ነው። ማኅበሩ የሚተዳደረው ፈቃደኛ ቤተሰቦች በሚከፍሉት የአባልነት ክፍያ ነበር፤ ልጆች ሲበዙ አባላት በዙ፣ ልጆቹ አድገው ሲሄዱ ክፍያውም ሄደ። ጥገና የሚጠይቁት ገንዳዎች ግን አረጁ፤ ከአራቱ አስተዳደሮች አንዱም የሌላውን ነዋሪ ገንዳ በራሱ ግብር ከፋይ ገንዘብ የሚያድስበት ምክንያት ስላልነበረው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተዘጉ። ውኃውና ፍሳሹ ሌላ መንገድ ሄዱ። ብሪስቶል ታውንሺፕና ተሊታውን በ1952 በፔንሲልቬንያ ሕግ መሠረት የጋራ የውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን አቋቋሙ። ባለሥልጣኑ ከእያንዳንዱ ተጠቃሚ ቤት በቆጣሪ ሂሳብ የመሰብሰብና በስሙ የመበደር ሥልጣን ተሰጠው፤ ሥራውም በሁለቱ መካከል ባለው ወሰን አይገታም። ይህ ተቋም በየጊዜው የገንዘብ ችግር ቢገጥመውም ዛሬም ውኃ ያቀርባል። ሁለቱም የተጀመሩት በዚያው ዐሥር ዓመት፣ ለዚያው ሕዝብ ነው። መዝናኛ ማኅበሩ የነበረው የአባላቱ በጎ ፈቃድ ብቻ ሲሆን፣ የውኃ ባለሥልጣኑ ግን ወሰን ተሻግሮ የማስከፈል ሕጋዊ መብት ነበረው።